«ቀላል ሥራ እንዲሰጠው»

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ በምሠራበት ድርጅት፣ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ከሁለት ወር የሕመም ፈቃድ በኋላ ቢሮዬ መጥቶ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ከከፍተኛ መደርደሪያ ላይ ካርቶን ሲያወርድ ጭነቱ ተንሸራቶበት የቀኝ ትከሻው ጅማት ተጎድቶ ነበር። ከሐኪሙ ፊርማና ማኅተም በላይ ሰፍሮ ያገኘሁት ሐሳብ ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩ፦ «ቀላል ሥራ እንዲሰጠው»። ይህን ለመፈጸም ግማሽ ሰዓት እንኳን አልፈጀብኝም። በመግቢያው በር አጠገብ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ የሚመዘገብበት ቦታ ነበረን፤ ወንበር አለው፣ የሚነሣ ሸክም የለውም፣ ሥራውም እስክሪብቶ ከማንቀሳቀስ አያልፍም። የምደባ ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ ግልባጩን ለቅርብ አለቃው ላክሁ፣ ፋይሉንም ዘጋሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ሕመሙ ብሶበታል፣ ሌሊት በቀኝ ጎኑ መተኛት አቅቶታል። አብሬው ወደ በሩ ወርጄ ስመለከት ነገሩ ወዲያውኑ ገባኝ። መመዝገቢያው ለቆመ ሰው የተሠራ ባንኮኒ ስለነበር፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ለመጻፍ ክርኑን ከጎኑ አርቆ እስከ ትከሻው ከፍታ ድረስ ማንሣት ነበረበት፤ ያንንም ቀኑን ሙሉ፣ ያለ ድጋፍ፣ በዚያው በተጎዳው ክንድ። ለእሱ ግን ከሕመሙ የከበደው ሌላ ነበር። «ጓደኞቼ ጭነት ይዘው ባጠገቤ ሲያልፉ ‹ዕረፍት እንዴት ነው?› ይሉኛል፤ ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቀላል ሥራ» የሚለውን ሐረግ በየትኛውም ወረቀት ላይ ሳየው ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት እንደተሰጠኝ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ሐረጉ ሥራውንም ሰውየውንም አይገልጽም፤ የሚያገለግለው ለሐኪሙም ለአሠሪውም ጉዳዩን ለመዝጋት ነው።

«ቀላል» ሲባል አብዛኞቻችን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ኪሎ ግራም ነው። የተጎዳ አካል ግን ሚዛን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ሁለት ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ በወገብ ከፍታ ወደ ሰውነት ተጠግቶ ሲያዝና ያው ዕቃ ክንድ ተዘርግቶ ከራስ በላይ ሲያዝ ለትከሻ ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች ናቸው። ወገቡን ለሚያመው ሰው፣ ስምንት ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ እየቆሙና እየተንቀሳቀሱ አነስተኛ ዕቃ ከማንሣት ሊከብድ ይችላል። የእጅ አንጓን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ክብደቱ ሳይሆን አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በሰዓት ስንት መቶ ጊዜ መደጋገሙ ነው። ለጉልበት ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ለእጅ ጣት የመሣሪያ ንዝረት፣ ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው ደግሞ ጫጫታ፣ ደማቅ ብርሃንና በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር መከታተል ከማናቸውም ሸክም ይብሳሉ። ስለዚህ ከጉዳት የተመለሰ ሰው ምን መሥራት ይችላል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ ስለ ክብደት ብቻ ሳይሆን ስለ ከፍታ፣ ስለ ርቀት፣ ስለ ድግግሞሽ፣ ስለ ቆይታና ስለ አቀማመጥ ሁሉ መጠየቅ ይኖርብናል።

ሐኪሙን መውቀስ አይከብድም፤ እኔም ለተወሰነ ጊዜ ወቅሻለሁ። ነገር ግን ሐኪሙ ያየው ትከሻውን እንጂ መጋዘኑን አይደለም። ታካሚውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ቢለው የሚሰማው መልስ «መጋዘን» የሚል ነው፤ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሸክም የሚያነሣም አለ፣ ባለሞተር ማንሻ የሚነዳም አለ፣ ቁልፍ ይዞ የሚውልም አለ። ታዲያ ሐኪሙ በማያውቀው ሥራ ላይ ከ«ቀላል» የተሻለ ምን ሊጽፍ ይችላል? በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የሕመም ማስረጃው ቅጽ የተቀየረው ከዚህ ጋር በሚቀራረብ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ቅጹ ሰውየው ለሥራ ብቁ መሆን አለመሆኑን ብቻ ይናገር ነበር፤ አዲሱ ግን «በሚከተለው ምክር መሠረት ለሥራ ብቁ ሊሆን ይችላል» የሚል ሦስተኛ መንገድ ከፈተ፤ ከሥሩም በየደረጃው መመለስን፣ የሥራ ሰዓት መቀየርን፣ ተግባር መቀየርንና የሥራ ቦታን ማስተካከልን የሚያመለክቱ አራት ሣጥኖች አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከሐኪሞች በተጨማሪ ነርሶች፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና ፋርማሲስቶች ጭምር ይህን ቅጽ መፈረም ችለዋል። ያም ሆኖ ሣጥኑ ላይ ምልክት የሚያደርገው ሰው ስለ ሥራው ያለው ዕውቀት እንደ በፊቱ ከሆነ፣ የተሻለው ቅጽም ከሦስቱ ቃላት ብዙም አይርቅም።

መረጃው ከእኛ መሄድ እንዳለበት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከሠራተኛውና ከቅርብ አለቃው ጋር ተቀምጠን የመጋዘኑን ሥራ በመደብ መጠሪያው ሳይሆን በተግባር በተግባር ከፍለን ጻፍነው። የሥራ መዘርዝሩ ላይ የሰፈረው «ዕቃ መረከብ፣ ማደራጀትና ማስረከብ» የሚል አንድ መስመር ነበር፤ እኛ ስንዘረዝረው አሥራ አራት ተግባር ወጣው። ከመካከላቸው ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሣት ወይም ከባድ ጭነት መሸከም የሚጠይቁት አምስቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ዘጠኙ፣ ማለትም ሰነድ ማመሳከር፣ የታችኛውን መደርደሪያ መቁጠር፣ ባለጎማ ጋሪ በሁለት እጅ መግፋት፣ መለያ መለጠፍ፣ የጊዜ ገደቡ ያለፈን ዕቃ መለየትና የመሳሰሉት፣ ከነትከሻው ሊሠራቸው የሚችላቸው ነበሩ። ያን ሰው ሥራውን ከሚያውቅበት፣ ባልደረቦቹ ካሉበትና የሙያ ክብሩ ከተገነባበት ቦታ አንሥቼ በር ላይ ያስቀመጥሁት ለአምስት ተግባር ስል ነበር ማለት ነው።

ዝርዝሩን ስንሠራ ያስተዋልሁት ሌላም ነገር አለ። አለቃው አንዳንዱን ተግባር የገለጸው መሠራት አለበት በሚለው መንገድ ነበር፤ ሠራተኛው ግን በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ተናገረ። «ይህ በሁለት ሰው ነው የሚነሣው» ሲል አለቃው፣ «ሁለተኛው ሰው ሁልጊዜ ሌላ ጋ ስለሆነ ብቻዬን ነው የማነሣው» አለ። ጉዳቱም የደረሰበት እንደዚያው ብቻውን ሲያነሣ ነበር። ዝርዝሩን ቢሮዬ ተቀምጬ ብቻዬን ባዘጋጀው ኖሮ ይህ መስመር ከነውሸቱ ወደ ሐኪሙ ይሄድ ነበር።

ዝርዝሩን በአንድ ገጽ አድርገን ለሐኪሙ ላክንለት፤ ከእያንዳንዱ ተግባር አጠገብም ክብደቱን፣ ከፍታውንና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ጻፍን። የጠየቅነው «መሥራት ይችላል ወይ?» ብለን ሳይሆን «ከእነዚህ የትኞቹን አሁን፣ የትኞቹን ከስንት ሳምንት በኋላ?» ብለን ነበር። በአራተኛው ቀን የተመለሰው ወረቀት ከፊተኛው ጋር በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ አይመስልም ነበር፦ ቀኝ ክንዱን ከደረቱ በላይ አያንሣ፤ በሁለት እጅ እስከ አምስት ኪሎ ግራም በወገብ ከፍታ ማንሣት ይችላል፤ መግፋት እንጂ መጎተት አይፈቀድለትም፤ በየአንድ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ እጁን ያሳርፍ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይታይ። ሐኪሙ ያው ሐኪም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ አሠሪዎች የሚያነሡትና በቅንነትም የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ ለምን ሙሉ በሙሉ እስኪድን አይጠበቅም? ዕረፍት ሁልጊዜ መድኃኒት ነው የሚለው እምነት በተለይ በወገብ ሕመም ላይ ለረጅም ዘመን ጸንቶ የኖረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ በ203 ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የወገብ ሕመምተኞች ለሁለት ቀን ወይም ለሰባት ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ በዕጣ ተመድበው ነበር፤ ሁለት ቀን የታዘዘላቸው ሰዎች ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት ሰባት ቀን ከታዘዘላቸው በ45 በመቶ ያነሱ ሆኑ፤ በሌላው የጤና መለኪያ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ፣ በኩቤክ፣ በወገብ ሕመም ከአራት ሳምንት በላይ ከሥራ በቀሩ 104 ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆነ። ሕክምናውንና በሥራ ቦታ የሚደረገውን ማስተካከያ አጣምረው ያገኙት ሠራተኞች የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት ይልቅ 2.4 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ወደ መደበኛ ሥራቸው ተመለሱ። እኔን ያስገረመኝ ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን ከውጤቱ ትልቁን ድርሻ ያመጣው የትኛው ክፍል እንደሆነ ነው፤ ያመጣው የሥራ ቦታው ማስተካከያ ነበር፤ ያም ማለት ባለሙያ ሥራው ወዳለበት ሄዶ ከሠራተኛው፣ ከአለቃውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ጋር ሆኖ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማየቱና መለወጡ።

ይህን ስል ግን በፍጥነት መመለስን ለራሱ ሲባል የሚያሳድድ አሠራር እንዳይመስል እሰጋለሁ። የተሰበረ አጥንት የሚገጥመው በራሱ ጊዜ ነው፤ የተሰፋ ጅማት ማንም ስለቸኮለ አይጠነክርም። እንቅልፍ የሚያመጣ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድን ሰው በማሽን ወይም በመኪና መሪ ፊት ማስቀመጥ ለእሱም ለሌላውም አደጋ ነው። ደግሞም «ያለ ጉዳት የተሠሩ ቀናት» እየተቆጠሩ ሽልማት በሚሰጥበት ቦታ፣ የተጎዳውን ሰው በማግሥቱ ቁስሉ በፋሻ እንደታሰረ አምጥቶ ጥግ ላይ አስቀምጦ «ከሥራ አልቀረም» ብሎ የሚመዘግብ አሠሪ እንዳለ አውቃለሁ። ያ ሰውን ወደ ሥራ መመለስ ሳይሆን ቁጥርን ማሳመር ነው። ሁለቱን የምለይበት አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ይህ ሰው ዛሬ የሚሠራው ነገር ባይሠራ የሚጎድል ነገር ይኖራል ወይ? የማይኖር ከሆነ እሱም ያውቀዋል፣ ባልደረቦቹም ያውቁታል።

ስለ ስልክ መናገር ይኖርብኛል፤ የራሴን ጥፋት ስለሚያሳይ ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። ሠራተኛችን ቤቱ በቆየባቸው ሁለት ወራት ከድርጅቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተደውሎለታል። የደወልሁት እኔ ነበርሁ፤ የጠየቅሁትም የሕመም ፈቃድ ማስረጃው መቼ እንደሚታደስ ነበር። ኋላ ስንጫወት ስለዚያ ጥሪ ምን እንዳሰበ ጠየቅሁት፤ «ሊያሰናብቱኝ ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኋት» አለኝ። በቶሮንቶ የሚገኘው የሥራና የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ካደረጋቸው ሰባት የተሳካ ወደ ሥራ የመመለስ መርሆች አንዱ፣ አሠሪው ከተጎዳው ሠራተኛ ጋር ቶሎና በአሳቢነት መገናኘት እንዳለበት ይናገራል። ከሁለቱ ቃላት ሁለተኛው ይበልጥብኛል፤ አሳቢነት የሌለው ቶሎ መደወል ካለመደወል ይብሳልና። በመጀመሪያው ሳምንት ወይም በሁለተኛው የቅርብ አለቃው ራሱ ደውሎ ጤናውን ቢጠይቅ፣ ደመወዙና የሕክምና ወጪው በምን መንገድ እንደሚፈጸም ቢያስረዳው፣ ቦታው እንደሚጠብቀው ቢነግረው ይበቃል። የሚመለስበትን ቀን መጠየቅና ጥፋቱ የማን እንደነበር መመርመር የዚያ ጥሪ ሥራ አይደለም፤ የአደጋው ምርመራ የራሱ ጊዜና የራሱ ሰዎች አሉት። የሕመሙንም ዝርዝር መጠየቅ አያስፈልግም። አለቃው ማወቅ ያለበት ሠራተኛው ምን ማድረግ እንደማይችል እንጂ የራጅ ውጤቱ ምን እንደሚል አይደለም።

ወደ «ዕረፍት እንዴት ነው?» ልመለስ። መጀመሪያ ስሰማው የክፉ ሰዎች ሽሙጥ መስሎኝ አለቃውን ስብሰባ ጠርቶ እንዲገሥጻቸው ልጠይቅ ነበር። ደግነቱ ከዚያ በፊት የክፍሉን የዕለት ተግባር ሠሌዳ አየሁት። ክፍሉ ስድስት ሠራተኞች ነበሩት፤ አንዱ በር ላይ ከተመደበ በኋላ አምስት ቀሩ፤ በቀን መጠናቀቅ ያለበት የጭነት መጠን ግን የስድስቱ እንደሆነ ቆይቷል። ማንም አላስተካከለውም፤ ማስተካከል የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። የእሱን ድርሻ አምስቱ ተካፍለው ሲሸከሙ፣ እሱ ደግሞ ወንበር ላይ ሆኖ ሲያዩት፣ ቢያሽሟጥጡ ምን ይገርማል? ከዚያው ተቋም መርሆች ውስጥ ሌላኛው የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለተመላሹ የሚደረግ ድጋፍ ባልደረቦቹንና አለቃውን የሚጎዳ መሆን የለበትም። የዕለት ግቡ ለስምንት ሳምንት ዝቅ እንዲል ሥራ አስኪያጁን ለማሳመን ሦስት ስብሰባ ፈጅቶብናል። በመጨረሻ ያሳመነው የእኔ ንግግር አልነበረም፤ ከአምስቱ አንዱ በጫናው ብዛት ወገቡን ታምሞ የሁለት ቀን ፈቃድ ይዞ መምጣቱ ነው።

ሕግ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አለ፤ ከአገር አገር ስለሚለያይ ግን በዝርዝሩ አልገባም። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አንድ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተቆራረጠ ሁኔታ ከስድስት ሳምንት በላይ በሕመም ከቀረ፣ አሠሪው በሠራተኛው ፈቃድ ስለ መመለሻው መንገድ እንዲመክርበት ይገደዳል። በኔዘርላንድ አሠሪው ለታመመ ሠራተኛ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ቢያንስ የደመወዙን 70 በመቶ ይከፍላል፤ እስከ ስምንተኛው ሳምንትም ከሠራተኛው ጋር የጋራ የመመለሻ ዕቅድ ማዘጋጀት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ27ኛው አንቀጹ ሥራን ጠብቆ ማቆየትንና ወደ ሥራ የመመለስ መርሐ ግብሮችን በስም ይጠቅሳል። የጀርመንና የኔዘርላንድ ሕጎች የሚጋሩት ነገር ጊዜን መቁጠራቸው ነው፤ ሰው ከሥራ በራቀ ቁጥር የመመለሱ ነገር እየከበደ እንደሚሄድ ስለሚታወቅ፣ ውይይቱ መቼ መጀመር እንዳለበት ለአሠሪው በጎ ፈቃድ አልተዉትም። በአንጻሩ ካሳ ለማግኘት ሠራተኛው መሥራት እንደማይችል በየጊዜው እየተመላለሰ ማስረዳት የሚኖርበት አሠራር ባለበት ሁሉ፣ ያ ሰው በአንድ በኩል እንዲድን እየተጠየቀ በሌላ በኩል እንዳልዳነ እንዲመሰክር ይገደዳል። ለመሥራት የሞከረባት አንዲት ቀን ካሳውን የምታስቀርበት ከሆነ አለመሞከሩ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

ወደ ቀድሞ ሥራው ፈጽሞ መመለስ የማይችል ሰውም አለ። ለእሱ የምከተለው ቅደም ተከተል ከሚያውቀው ወደማያውቀው የሚሄድ ነው፤ መጀመሪያ የራሱ ሥራ ተስተካክሎ፣ ያ ካልሆነ በዚያው ድርጅት ሌላ ሥራ፣ ያም ካልሆነ ሥልጠና ወስዶ በአዲስ ሙያ። ያለ ውይይት ወደ መጨረሻው የሚዘለው ብዙ ጊዜ አሠሪው ነው፤ የመጀመሪያውን ብቻ ሙጭጭ ብሎ የሚይዘው ደግሞ ሠራተኛው። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ።

የእኛ ሠራተኛ ወደ መጋዘኑ የተመለሰው በዘጠኙ ተግባራት፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን አራት ሰዓት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ስድስት ሰዓት፣ ከዚያም ሙሉ ቀን በሚል ዕቅድ ነበር። ደመወዙ አልተቀነሰም። ዕቅዱ እንደተጻፈው አልሄደም። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ተነሣበትና «ያው ነው፣ ተመልሶ ተበጠሰ» ብሎ ደነገጠ። በዚህ ጊዜ ከሁላችንም ይበልጥ የረዳው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የነገረችው መለኪያ ነው፤ ሥራ ላይ የተነሣ ሕመም እስከ ማግሥቱ ጧት ከበረደ ቀጥል፣ ጧት ላይም ካለ የትናንቱን ቀንስ። ማመምና መጎዳት አንድ እንዳልሆኑ፣ ፍርሃቱ ራሱ ሰውን ከጉዳቱ በላይ ሊያስቀረው እንደሚችል በሙያው ውስጥ ከታወቀ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በኒውዚላንድ የወጣ መመሪያ ይህን የመሰለውን ፍርሃት «ቢጫ ባንዲራ» ብሎ ከሕመሙ ምልክቶች ጎን ለጎን እንዲታይ አድርጓል። ለሦስት ቀን ወደ አራት ሰዓት መለስነው፤ ከዚያ ቀጠለ። ሙሉ ቀን መሥራት የጀመረው በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ ከዕቅዱ አንድ ሳምንት ዘግይቶ።

ከአምስቱ ከባድ ተግባራት አራቱን ቀስ በቀስ መልሶ ያዛቸው። አንዱ፣ ከከፍተኛው መደርደሪያ ላይ ካርቶን ማውረድ፣ ከዝርዝሩ ላይ እንደተሰረዘ ቀረ፤ ሐኪሙ አልፈቀደለትም፤ እሱም አልጠየቀም። መጀመሪያ ባልደረቦቹ ያወርዱለት ነበር። በኋላ አለቃው ከባዱን ጭነት ሁሉ ወደ መካከለኛው መደርደሪያ አዛወረና ላይኛውን ለባዶ ካርቶንና ለማሸጊያ ስፖንጅ ተወው። ይህን እንዲያደርግ የነገረው ሰው አልነበረም።